ማስተማርን የተማሩት ፎርማኖች

እ.ኤ.አ. በ1983 ቶዮታ ጆን ሹክ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ቀጠረ። ኩባንያው ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ሆኖ በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ከተማ የጋራ ፋብሪካ ሊከፍት ነበርና፣ የአሜሪካ ሠራተኞች የሚሠለጥኑበትን ትምህርት በማዘጋጀት እንዲያግዝ ተፈልጎ ነው። ሹክ በኋላ እንደተረከው፣ ለዚሁ ሥራ የሚረዳ ነገር ሲያፈላልግ፣ በቶዮታ የሥልጠና ባለሙያ የነበሩት ኢሳኦ ካቶ ወደ ኋላ ክፍል ገብተው አንድ አሮጌ ጥራዝ አምጥተው ሰጡት። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ተጣጥፏል፣ ቡና ፈሶበታል። ገልጦ ሲያየው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለገዛ አገሩ ፋብሪካዎች ያዘጋጀው የማስተማሪያ መመሪያ ነበር። አሜሪካኖቹ ከረሱት ቆይተዋል፤ ጃፓኖቹ ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲሠሩበት ኖረዋል።

ይህን ታሪክ ለእኛ ፋብሪካዎች የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት ነው የማነሣው። በአገራችን ስለ ፋብሪካ ሥልጠና ሲወራ ጥያቄው ሁሉ ወደ ሠልጣኙ ይዞራል። ስንተኛ ክፍል ደርሷል? ሰዓት ያከብራል? ከገጠር የመጣች ልጅ ማሽኑን ትለምደዋለች? ስለ አስተማሪው የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። አዲሷን ልጅ የስፌት መኪናው ላይ የሚያስቀምጣት የላይን ኃላፊ፣ ማስተማርን ራሱን ከማን ተማረው? ብዙውን ጊዜ መልሱ “ከማንም” ነው። ጎበዝ ኦፕሬተር ስለነበረ ተሾመ፤ ከተሾመበት ቀን ጀምሮ አስተማሪ ነው ተባለ። የጦርነቱ ዘመን አሜሪካኖች ሊፈቱት የተነሡት ችግር ቁርጥ ይህ ነበር።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን እጅ ወደቀች። አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ ባትገባም ፋብሪካዎቿ መርከብ፣ አውሮፕላንና ጥይት በብዛት እንዲያመርቱ ታዘዙ። በቂ የሠለጠነ ሰው ግን አልነበረም። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዓመታት ፋብሪካዎች አዲስ ሰው ባለመቅጠራቸው ወጣት ባለሙያ አልተተካም፤ ያሉት ደግሞ ወደ ጦር ሠራዊት መጠራታቸው አይቀርም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ “ትሬኒንግ ዊዝን ኢንዱስትሪ” የሚባል፣ በፋብሪካ ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠናን የሚመራ የመንግሥት አገልግሎት ተቋቋመ። ይመሩት የነበሩት ቻኒንግ ዱሊና ዋልተር ዲትዝ፣ አንዱ ከነዳጅ ኩባንያ ሌላው ከዌስተርን ኤሌክትሪክ የመጡ፣ ሠራተኛን በማሠልጠን ብዙ ዓመት የቆዩ ሰዎች ነበሩ።

መጀመሪያ የገጠማቸው የሌንስ ጉዳይ ነው። ለቦምብ መጣያ ማነጣጠሪያና ለመሳሰለው የሚሆን ሌንስ የሚሞርድ ባለሙያ ጠፋ። ሙያው በልምድ አምስት ዓመት ይፈጃል ይባል ነበር፤ ጦርነት ደግሞ አምስት ዓመት አይጠብቅም። ባለሙያዎቹ አጠገብ ቆመው ሥራውን በዝርዝር ሲያጠኑት፣ “የሌንስ ሥራ” የሚባለው ብዙ ልዩ ልዩ ሥራዎች የታጨቁበት ስያሜ መሆኑን አዩ። አብዛኞቹ ቀላል ስለነበሩ ለአዲስ ሰው ሊሰጡ ይችሉ ነበር። በእርግጥ የሚከብዱት ጥቂት ነበሩ፤ እነዚያም ቢሆኑ የሚከብዱበት ቦታ ተለይቶ ሲታወቅ ትምህርቱ ከዓመታት ወደ ጥቂት ወራት ወረደ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ይህን በሺሕ ለሚቆጠሩ ፋብሪካዎች ማን ያድርስ የሚል ነበር። ከዋሽንግተን የሚላክ ባለሙያ አይበቃም። በየፋብሪካው በየቀኑ ከአዲስ ሠራተኛ ጋር የሚውለው ፎርማኑ ነው፤ ስለዚህ የሚሠለጥነው እሱ ይሁን ተባለ። ለዚህም አሮጌ ዘዴ ተገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመርከብ ግንባታ ሠራተኞችን ያሠለጠነው ቻርልስ አለን፣ ማስተማር አራት ደረጃ አለው ብሎ በ1919 መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ተማሪውን ማዘጋጀት፣ ሥራውን ማቅረብ፣ ተማሪው እንዲሠራው ማድረግ፣ ከዚያም መፈተሽ። የዱሊና የዲትዝ ባልደረቦች ይህን አንሥተው የአሥር ሰዓት ትምህርት አደረጉት። አሥር ያህል ፎርማኖች በአንድ ክፍል፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለአምስት ቀን። በመጨረሻም እያንዳንዱ በኪሱ የምትገባ ትንሽ ካርድ ይዞ ይወጣል።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት የሚካሄደው በአንዲት የኤሌክትሪክ ገመድ ነበር። ሁለት ሽቦ ያለው የመብራት ገመድ ከአምፖል መያዣው እንዳይላቀቅ ውስጥ ላይ የሚታሰር ቋጠሮ አለ። ሲያዩት ቀላል ነው፤ አሳሰሩን የማያውቅ ሰው ግን በራሱ አያገኘውም። አሠልጣኙ ከፎርማኖቹ አንዱን አስነሥቶ አሠራሩን በቃል ብቻ ይነግረዋል። የቀኙን ሽቦ ውሰድ፣ በፊት በኩል አዙር፣ ከግራው ኋላ አሳልፍ። ሰውየው ገመዱን ይዞ ይቀራል። ከዚያ ሌላውን አስነሥቶ አሁን ያለ ቃል፣ በእጁ ብቻ ሠርቶ ያሳየዋል። እሱም አይሆንለትም፤ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው እንቅስቃሴው ሁሉ ተገልብጦ ነውና የሚታየው። ሁለት የበቁ ፎርማኖች በባልደረቦቻቸው ፊት ገመድ ይዘው ሲቸገሩ፣ በክፍሉ ያሉት ሁሉ በየፋብሪካቸው አዲስ ሠራተኛ ላይ ሲያደርሱ የኖሩትን ያዩታል። አንዳንዱ ነግሮ ይሄዳል፣ አንዳንዱ አሳይቶ ይሄዳል፤ ሠራተኛው ካልቻለ ደግሞ “ይሄ ሰው አይገባውም” ይባላል።

ቀጥሎ አሠልጣኙ ሦስተኛውን ሰው ይጠራል። አሁን በአራቱ ደረጃ ነው። ሰውየውን ያዝናናዋል፤ ስለ ሥራው ቀድሞ የሚያውቀውን ይጠይቀዋል፤ እጁን በትክክል እንዲያይ ከጎኑ ያቆመዋል። ቋጠሮውን ደረጃ በደረጃ እየነገረ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ልብ የሚባለውን አንድ ነገር ለይቶ ይነግረዋል፤ ለምን እንደሆነም ያስረዳዋል። ከዚያ ገመዱን ያስይዘዋል። ሰውየው መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሠራል፤ ሁለተኛ ጊዜ እየሠራ ራሱ ያስረዳል። ስሕተት ካለ ወዲያው ይታረማል። በስተመጨረሻ “አሁን ብቻህን ሥራ፤ ቢቸግርህ እገሌን ጠይቅ፤ መጥቼ አይሃለሁ” ይባላል። ቋጠሮው ይታሰራል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ሦስተኛው ደረጃ ነው። በእኛ ፋብሪካዎች ሥልጠና የሚያበቃው እዚያ ከመድረሱ በፊት ነው። ኃላፊዋ ሠርታ ታሳያለች፤ “አየሽ አይደል? ገባሽ?” ትላለች። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ “አዎ፣ ገባኝ” ትላለች። ሌላ ምን ልትል ትችላለች? በዕድሜም በሥልጣንም የምትበልጣት ሴት ደክማ ያሳየቻትን “አልገባኝም” ማለት፣ በይሉኝታ ላደገች ልጅ ከባድ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ኪሱ ተጣሞ የተሰፋ ሸሚዝ ይመጣል። “ገባኝ ብለሽኝ አልነበር?” ይከተላል። የአሜሪካኖቹ ዘዴ “ገባህ?” በሚለው ጥያቄ ላይ አይተማመንም። መግባቱን የሚያረጋግጠው የልጅቱ እጅና አንደበት አንድ ላይ ሆነው ነው፤ እየሠራች ማስረዳት አለባት። ለምን ከዚህ በኩል እንደጀመረች መናገር ከቻለች ገብቷታል፤ ካልቻለች ኃላፊዋ ገና አላስተማረችም። በዚያ ትምህርት ውስጥ ይህ የመርሕ ጉዳይ ነበር፤ ሠራተኛው ካልተማረ ተጠያቂው አስተማሪው ነው።

ሌላው ፎርማኖቹን ያስቸገራቸው ሥራቸውን በወረቀት ላይ መዘርዘር ነው። እያንዳንዱ ከራሱ ፋብሪካ አንድ እውነተኛ ሥራ አምጥቶ፣ በአንድ በኩል ደረጃዎቹን፣ በሌላው በኩል ቁልፍ ነጥቦቹን መጻፍ ነበረበት። ቁልፍ ነጥብ የሚባለው ሥራውን የሚያቃና ወይም የሚያበላሽ፣ ሠራተኛውን የሚጎዳ፣ ወይም ሥራውን የሚያቀልል ብልሃት ነው። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ይህን መጻፍ ያቅተዋል፤ እጁ የሚያውቀውን አፉ አያውቀውም። ሠላሳ ዓመት እንጀራ የጋገረች እናትን ሊጡ ምን ያህል መቅጠን እንዳለበት ብትጠይቋት “እጄ ያውቀዋል” ትላለች። እውነቷን ነው፤ ለልጇ ግን ያ መልስ አይበቃትም። ሊጡ ከጭልፋው እንዴት መውረድ እንዳለበት፣ ምጣዱ መጋሉ በምን እንደሚታወቅ፣ ዓይኑ ሲወጣ መቼ እንደሚከደን ተለይቶ ሊነገራት ይገባል። ሙያ በልብ ነው ስንል ኖረናል፤ በልብ ያለ ሙያ ግን ባለቤቱ ሥራ ሲለቅ አብሮት ይወጣል። ፎርማኑ ዝርዝሩን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ በክፍሉ ፊት አንድ ባልደረባውን በዚያ ዝርዝር ያስተምራል፤ የቀሩት ያዩታል፣ ያርሙታል። ንድፈ ሐሳብ ሰምቶ መውጣት የለም።

አገልግሎቱ በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ እስኪዘጋ ድረስ ከ16 ሺሕ በላይ ፋብሪካዎች ደርሷል፤ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ የምስክር ወረቀት ሰጥቷል። ፎርማኖቹ ሊያስተምሯቸው ከሚገቡት ሰዎችም ብዙዎቹ ቀድሞ ፋብሪካ ደጃፍ ደርሰው የማያውቁ ነበሩ፤ ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው የዘመቱባቸው ሴቶች በብዙ መቶ ሺሕ ወደ መርከብና አውሮፕላን ፋብሪካ ገብተዋል። ከጦርነቱ በኋላ ግን አሜሪካ ነገሩን ተወችው። የአውሮፓና የጃፓን ፋብሪካዎች ፈራርሰው ስለነበር ተፎካካሪ አልነበራትም። የተመረተው ሁሉ በሚሸጥበት ዘመን ስለ አስተማሪ የሚጨነቅ አይገኝም።

ጃፓን ግን የተሸነፈች፣ ጥሬ ሀብት የሌላት፣ ያላት ሀብት ሰው ብቻ የሆነ አገር ነበረች። በአሜሪካ ወረራ ሥር ሳለች ይኸው ትምህርት ገባላት። ቶዮታ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተቀብሎት፣ አሜሪካኖቹ በተዉበት ጊዜ እሱ ዓመት ሳይዘልል ሠራበት። የዛሬው የቶዮታ አሠራር መሠረት የሆነው ደረጃውን የጠበቀ የሥራ ዝርዝር፣ ካይዘን የሚባለው ቀጣይ ማሻሻያም ጭምር፣ ያለዚህ የማስተማር ልምድ ሊቆም አይችልም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሥራው ምን እንደሆነ በቡድኑ ዘንድ አንድ ስምምነት ከሌለ፣ የሚሻሻለው ምኑ ነው?

ወደ ፍሪሞንት እንመለስ። ጄኔራል ሞተርስ እዚያ የነበረውን ፋብሪካ በ1982 ዘግቶት ነበር። ሠራተኞቹ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ አስቸጋሪዎች ይባሉ ነበር፤ በብዙ ቀናት ከአምስቱ አንዱ ሥራ አይገባም፤ ሳይፈቀድ የሚደረገው አድማ ተደጋጋሚ ነበር፤ መጠጥ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ይጠጣ ነበር። በ1984 መጨረሻ ላይ ኑሚ ተብሎ እንደገና ሲከፈት ታዲያ የተቀጠሩት ሌሎች አልነበሩም፤ በሰዓት ከሚከፈላቸው ሠራተኞች 85 በመቶ ያህሉ የድሮዎቹ ነበሩ። ማኅበራቸውም ያው የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ነበር።

ቶዮታ መጀመሪያ ያደረገው 450 ያህል የቡድን መሪዎችን ወደ ጃፓን፣ ወደ ታካኦካ ፋብሪካ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል መላክ ነበር። እዚያ በክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስላይድ አላዩም። እያንዳንዱ ከጃፓናዊ ባልደረባው ጎን ቆሞ ሠራ። ከሥራው ወደ ኋላ የቀረ ሰው ገመድ ይስባል፤ የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፤ ችግሩን አብረው ይፈታሉ፤ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በድሮው ፍሪሞንት መስመሩ በምንም ምክንያት አይቆምም ነበር። ቦልት ሳይገጠምለት የመጣ መኪና ሳይገጠምለት ያልፋል፤ በኋላ ጥገና ይደረግለታል። ለእነዚያ ሰዎች አለቃ ሲመጣ ስድብ እንጂ እርዳታ መጥቶ አያውቅም። አለቃው “አመሰግናለሁ፣ ስለጠራኸኝ” ሲል ማየት ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ነበር።

ከተመለሱ በኋላ የራሳቸውን ሰዎች በዚያው በአራቱ ደረጃ አስተማሩ። ቀድሞ የጊዜ መለኪያ ይዘው የሚዞሩ ኢንጂነሮች የሚወስኑትን የሥራ ዝርዝር ሠራተኞቹ ራሳቸው መዘርዘር ጀመሩ። ከሰማንያ በላይ የነበረው የሥራ መደብ ክፍፍል በማምረቻው መስመር ላይ ወደ አንድ ተጠቃለለ፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ሥራ መማር ነበረበት። በ1987 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ሲለኩት፣ አንድ መኪና ለመገጣጠም ታካኦካ 16 ሰዓት፣ ኑሚ 19 ሰዓት፣ ፍራሚንግሃም የሚገኘው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ደግሞ 31 ሰዓት ይፈጅበት ነበር። በመቶ መኪና የሚገኘው ጉድለት በፍራሚንግሃም 135 ሲሆን በታካኦካም በኑሚም 45 ነበር። “አስቸጋሪዎች” የተባሉት ሰዎች ሥራ ነው ይህ።

የኑሚን ነገር ስናደንቅ አንድ ትልቅ ጉዳይ እንዳናልፍ እፈራለሁ። ኩባንያው ከማኅበሩ ጋር በፈረመው ስምምነት፣ ሕልውናውን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ካልመጣ በቀር ሠራተኛ እንደማያባርር ቃል ገብቶ ነበር። በ1988 የሚያመርቱት መኪና ሽያጭ ወድቆ ፋብሪካው ከአቅሙ ከ60 በመቶ በታች ሲሠራ ቃሉ ተፈተነ። አንድም ሰው አልተባረረም። ትርፍ የሆኑት ሠራተኞች ወደ ሥልጠናና ወደ ማሻሻያ ሥራ ተመደቡ። እንግዲህ ሠራተኛ ብልሃቱን በወረቀት አስፍሮ ለሌላው እንዲያስተምር ሲጠየቅ፣ “ይህን ካስተማርኩ ነገ እኔን ምን ያስፈልጉኛል?” ማለቱ አይቀርም። መልስ የሚሆነው እንዲህ ያለ ቃልና ቃሉን መጠበቅ ነው። ጄኔራል ሞተርስ የኑሚን መልክ በቫን ናይስ ፋብሪካው ለመድገም ሞክሮ ነበር፤ ቡድኑም ስብሰባውም ተደራጀ፤ በሠራተኛውና በአለቃው መካከል መተማመን ግን አልነበረም፤ ፋብሪካው በ1992 ተዘጋ።

ከዚህ ሁሉ ካይዘን የሚባለው ክፍል በጃፓን በኩል እኛም ዘንድ ደርሷል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓንን መንግሥት ከጠየቁ በኋላ፣ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት (ጃይካ) እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች የካይዘን ሙከራ አካሄደ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ብዙ ፋብሪካዎች ተጠቅመዋል። ሆኖም ከካይዘን ለዓይን የሚቀርበው መጣራቱ፣ መደርደሩና መጽዳቱ ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ እንደ ዋናው ነገር ይቆጠራል። አዲሷን ልጅ ማን እንዴት እንደሚያስተምራት ግን ሠንጠረዡ አይነግረንም።

ሐዋሳን እንውሰድ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተ በኋላ በብዛት ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ገቡበት። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በ2019 ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቅቆ የሚወጣው ሠራተኛም ከጠቅላላው ቁጥር ጋር ይስተካከል ነበር። በዚያ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ መብላት እንደማይቻል ማንም ያውቃል፤ ማስተማርን ማሻሻል የደመወዝን ጥያቄ አይተካም፣ እንዲተካም መጠየቅ የለበትም። ነገር ግን ሠራተኞቹ በየዓመቱ የሚለዋወጡበት ፋብሪካ፣ ባለቤቱ ቢያስበውም ባያስበውም፣ ትምህርት ቤት ነው። የላይን ኃላፊዋ ዓመቱን ሙሉ የምታስተምር መምህር ናት። ያለ ምንም የማስተማር ትምህርት ሠላሳ ልጅ ተሰጥቷት ታርጌት ሲጎድል የምትጮኸውን ሴት መውቀስ ልክ አይደለም። የመጀመሪያ ሳምንቷን በጩኸት ያሳለፈች ልጅም ደመወዟን እንኳ ሳትቀበል ወደ አገሯ ብትመለስ አይፈረድባትም።

ወጪው ከሌላው ሥልጠና ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። አርባ የላይን ኃላፊዎች ያሉት ፋብሪካ በአሥር በአሥር ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን በቀን ሁለት ሰዓት ለአምስት ቀን ቢሰጥ፣ በአራት ሳምንት ሁሉንም ያዳርሳል። የጦርነቱ ዘመን መመሪያዎች የመንግሥት ሰነድ ስለነበሩ ዛሬ ማንም በነጻ ሊጠቀምባቸው ይችላል። የሚቀረው ሥራ የእኛው ነው። የመብራት ገመዱ ቋጠሮ ቀርቶ የኮሌታ ስፌት ወይም የጫማ ሶል ማጣበቅ ምሳሌ ይሁን፤ ቁልፍ ነጥቦቹ ልጅቱ በምታስብበት ቋንቋ፣ በሐዋሳ በሲዳምኛ፣ በዱከም በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፉ፤ የሚጽፏቸውም ቢሮ የተቀመጡ ሰዎች ሳይሆኑ መኪናው ላይ የሚውሉት ይሁኑ። የመጀመሪያው ዝርዝር ሲጻፍ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ይፈጃል፣ ያከራክራልም፤ ሁለት አንጋፋ ሰፊዎች አንዱን ኪስ የሚሰፉበት መንገድ የተለያየ መሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነውና።